አስቀድሞ ባዶውን ማየት

የዚያን ቀን ከሰዓት በባሕር ዳር ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል የነበርነው በክፍሉ ድሬሰር ሆነው ቁስል የሚያክሙት አጎቴ፣ ሲስተር አልማዝ፣ ከዘጌ ያሻገረን ባለጀልባው ደሴ፣ ወልዳ ደም አልቆም ያላት እህቴ የሺ እና እኔ ነን።

ሲስተር አልማዝ የየሺን የደም ግፊት ለክታ፣ «መቶ ነው፤ ተራዋን ትጠብቅ» አለች።

አጎቴ እንደ ልማዳቸው ጨርቁን ከክንዷ ፈቱና አየሩን ጨርሰው አስወጥተው የመለኪያውን መርፌ አዩ። ዜሮ ላይ መመለስ ሲገባው ሃያ ላይ ቆሟል።

«ልጄ፣ ባዶው ሳይታይ የሞላው አይታመንም። ብረት ሲዋሽ አያፍርም» አሏት።

«እንግዲያው ሃያው ሲቀነስ ሰማንያ ነዋ» አለች ሲስተር፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። አጎቴ የየሺን የእጅ ትርታ በሰዓታቸው ሲቆጥሩ ሲስተር ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች። ደሴና እኔ ደም ሰጠን። የሺ ተረፈች።

የአጎቴ አርባ ወጥቷል። በርጩማቸው ዛሬም ከክፍሉ በር አጠገብ አለች። በዚያ ሳልፍ አስቀድሜ የማየው ባዶነቷን ነው።

ያን ቀን እኔ በየሺ እግር በኩል ስለቆምሁ፣ ሃያውን ሰማሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ሲስተር አልማዝ፣ ደሴ፣ እናንተ ቅርብ ነበራችሁና የጎደለውን ሙሉልኝ፣ የሳትሁትንም አርሙኝ። እሳቸው ያልተፈተሸ ቁጥር አይወዱም ነበር።