የእህቴ ሠርግ ዝም ያለ ለት

ባለፈው እሁድ ዳንግላ ለሠርግ ተጠርቼ ከድምፅ ማጉያው ሥር አስቀመጡኝ። አጠገቤ ያለው ሰው አፉን ሲከፍት አያለሁ እንጂ የሚለውን አልሰማም፤ ራሴን እየነቀነቅሁ ጥብሴን በላሁ። ለመውቀስ ግን አፍ የለኝም። በወጣትነቴ ያንን ጩኸት ከማንም በላይ እወደው ነበር።

የታላቅ እህቴ ሠርግ በጥር ነበር፣ እንጅባራ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን በሚያነጣበት ሰሞን። ሙዚቃው የኔ ኃላፊነት ስለነበር ከማጉያውና ከተከራየነው ጄኔሬተር አጠገብ ተገትሬ፣ የሚዳረው እኔ እመስል ነበር። ከዳሱ ወዲህ ዶሮ ወጡ፣ ወዲያ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ የታረደው የበግ ቅቅል ይሸታል።

ረፋዱ ላይ ነፋስ ምሰሶ ጥሎ የከተማው መብራት ጠፋ። እኛ ጄኔሬተራችንን አስነሥተን ጭፈራውን ቀጠልን። ወዲያው ጎረቤታችን ፋጡማ እየሮጠች መጣች። አባቷ ጋሽ ሰይድ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ሳንባቸውን ስለሚያማቸው የሚተነፍሱት በመብራት በሚሠራ የኦክስጅን ማሽን ነበር።

“ጋሽ አለሙ፣ ይድረሱልን” አለችው አባቴን፤ “አባቴ ከንፈሩ ጠቆረ።”

በአጥሩ ላይ ገመድ አሻገርንላቸው። ማሽኑ ተነሣ፤ ማጉያው ሲጮህ ግን መልሶ ይጠፋል። ጄኔሬተሩ ሁለቱን አልቻለም። ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን።

“ልጄን እንደ ድሃ አደግ በዝምታ ልዳር?” አለ። ጨክኖ አልነበረም፤ የሙሽራው ወገን መድረሻው ስለሆነ ጭንቅ ይዞት ነው።

እህቴ ከጓዳ ሆና “አባዬ፣ ጋሽ ሰይድ ሳይተነፍሱ እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም!” አለች።

የማጉያውን ገመድ ነቀልኩት። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። ዳሱ ጭር አለ። ዘፈኑን ሁሉ ለማጉያው ትተን ኖረን፣ ማን በምን እንደሚጀምር ጠፋን።

የሙሽራው አጃቢዎች ከጎረቤት ከተማ፣ ከግምጃ ቤት፣ በፈረስ የደረሱት በዚያ ጸጥታ መሃል ነው። ደጃፉ ላይ ልጓም ሳቡ። የሙሽራው አጎት ከፈረሱ ወርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ “እግዜር ያጥናችሁ” አለ።

አባቴ ቀና አለ። በአጥሩ ላይ የተዘረጋውን ገመድ እያሳየ “የሞተ የለም!” ብሎ ጮኸ። “ጎረቤታችን በዚህ ነው የሚተነፍሱት። ሰው እንዳይሞት ነው ዝም ያልነው!”

አጎትየው ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረና “ሆ!” አለ። ከዚያ ማን ያቁመን! ፈረሰኛው ተቀበለ፣ ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ ከበሮው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከአጥር ማዶ የፋጡማ እልልታ ተሰማ። ድምፄ እስኪዘጋ ዘፈንኩ። እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። አመሻሹ ላይ መብራት ሲመጣ ማጉያውን ያስታወሰ አልነበረም።

ጋሽ ሰይድ የእህቴን የበኩር ልጅ ለማቀፍ በቁ። እኔም ሸበትሁ። ዛሬ በሰፈራችን መብራት ሲጠፋ፣ ሰው ሻማ ከመፈለጉ በፊት በማሽን የሚተነፍስ ወይም መድኃኒቱን ፍሪጅ ውስጥ የሚያኖር ጎረቤቱን በር ያንኳኳል። በስብሰባ የወሰነው የለም፤ ከዚያ ሠርግ ወዲህ ልማድ ሆኖ ቀረ። አባቴ ካረፈ ቆየ። ስሙ ሲነሣ ግን የከተማው ሰው “ያ ልጁን በዝምታ የዳረው” ይለዋል፤ እኔም ቶሎ ብዬ፣ ልጁ ነኝ እላለሁ።