ለባለቀስቱ የተረፉት ቀስቶች

ተማሪዎቹ መምህራቸውን «ባለቀስቱ» ይሉታል። አዳኝ ሆኖ አይደለም፤ ዝንብ እንኳ «እባክሽ» ብሎ ነው የሚያባርረው። ሰሌዳ ካገኘ ግን ክብ ይሥላል፤ ከክቡ ቀስት ያወጣል፤ ቀስቱ ሌላ ክብ ላይ ያርፋል። ትምህርቱ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ዓለም የተያያዘች ናት፣ አንዱን ጫፍ የጎተተ ሌላውን ይነቀንቃል፣ ይህን ያልተማረ ምሩቅ የነገውን ሰው ውሃ ዛሬ ጠጥቶ ይጨርሳል።

ምሳሌውን ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። የዩኒቨርሲቲው የጉድጓድ ውሃ በየዓመቱ ወደ ታች ይሸሻል። ውሃው ሣሩን ያለመልማል፤ ሣሩ እንግዳ ይማርካል፤ እንግዳው በጀት ያመጣል፤ በጀቱ አዲስ ማደሪያ ይሠራል፤ ማደሪያው ጉድጓዱን ይመጥጣል። ከየዲፓርትመንቱ የመጡ ተማሪዎች በዚህ ክብ ላይ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ሲከራከሩ የሰውየው ፊት ይበራ ነበር። በዕድሜው ከዚህ ትምህርት ሌላ የሠራው ነገር የለም።

ትምህርቱ ቋሚ እንዲሆንለት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። የኮሚቴው ክፍል በር እጀታው ከውስጥ ወልቋል፤ መውጣት የፈለገ እያንኳኳ ዘበኛ ይለምናል። ጥገና ክፍል «የግዢ ጉዳይ ነው» ይላል፤ ግዢ ክፍል «የጥገና ነው» ይላል። ስለ መያያዝ የሚፈርዱት ሊቃውንት እንግዲህ እዚህ ውስጥ ተዘግቶባቸው ተቀምጠዋል።

«ድንቅ ትምህርት ነው!» አሉ ዲኑ። «ስለዚህ እንከፋፈለው።»

«ምኑን?» አለ ባለቀስቱ።

«ትምህርቱን ነዋ! ውሃው ለኬሚስትሪ፣ ቧንቧው ለምህንድስና፣ ሣሩ ለግብርና።»

የኬሚስትሪው መምህር ጠረጴዛውን መታ። «ጉድጓዱም የእኛ ነው! ውሃው የእኛ ሆኖ ጉድጓዱ የማን ሊሆን ነው?»

«ጉድጓድ ግንባታ ነው፣ ወንድሜ» አለ መሐንዲሱ። «እጅህን ሰብስብ።»

ባለቀስቱ ድምፁ ሰለለ። «ክቡር ዲን፣ ትምህርቱ እኮ... እንዳይከፋፈል ነው ትምህርቱ።»

«ገብቶኛል! ለዚህ አይደል እርስዎ የሚያስፈልጉን? ክቦቹን እነሱ ይያዙ፣ ቀስቶቹን እርስዎ ያስተምሩ። አስተባባሪ ሆኑ ማለት ነው። እስከ ነገ ውሉን ይፈርሙ፤ እምቢ ካሉም መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎ።»

ዘበኛው ከውጭ ሲከፍትላቸው «ተስማማችሁ?» አለ።

«በሙሉ ድምፅ» አሉ ዲኑ።

ማምሻውን ባለቀስቱ ቤቱ ገብቶ «አልፈርምም» አለ።

ሚስቱ የግቢው ክሊኒክ ነርስ ናት። «አትፈርም፣ እሰይ የኔ ጀግና! ቤቱስ?»

ቤቱ የዩኒቨርሲቲው ነው።

«እንከራያለን።»

«ከተማ? እኔስ ተረኛ ስሆን በምን ልመላለስ? እማዬን ማን ያገላብጣታል?»

እማዬ፣ ወገቧ አልጋ ላይ ያስቀራት አማቱ፣ ከጓዳ ጮኸች። «ለእኔ አትጨነቁ ልጆቼ! ብቻ ስትሄዱ አልጋዬን በመስኮት አውጡት፤ በበሩስ አያልፍም።»

እስክሪብቶ አንሥቶ ወረቀት ላይ ቀስት ይሥል ጀመር። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሚስት፣ ከሚስት ወደ እማዬ፣ ከእማዬ ተመልሶ ወደ ሥራ። ተማሪዎቹን «ዙሩ የሚበጠስበት ቦታ አለ፣ ፈልጉት» ይላቸው ነበር። አሁን ራሱ ፈለገ። የነካው ቀስት ሁሉ ሥጋ ነው፤ ሲቆርጡት የሚጮኽ ሰው አለበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሎ ተተርቷል፤ ድሩ የገዛ ሸረሪቱን ሲያስር ምን እንደሚባል ግን ማንም አልተረተም።

ፈረመ።

ሴሚስተሩ ሲጀመር ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ አንድ ቀስት ሣለ። ክብ የለውም፤ ክብ የሰው ንብረት ሆኗል። ከሥሩ ሌላ ቀስት ሣለ። ከዚያ ሌላ።

«መምህር» አለች ከፊት የተቀመጠች ተማሪ፣ «ይሄ ከየት ተነሥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«መነሻውን ኬሚስትሪዎች ይነግሯችኋል። መድረሻውን ደግሞ ግብርናዎች።»

«መሃሉስ?»

ባለቀስቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ሣሩ ውሃ እየጠጣ ነበር።

«መሃሉ እኔ ነኝ» አለ።

ፈተና ላይ ይመጣል ብለው ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ጻፉት።