ግማሽ ምላሴና የካሴቱ ዘፈን

መጀመሪያ የጠፋው ቃጠሎው ነው። በርበሬ በረንዳ ገበያ፣ ሱቄ ውስጥ፣ እንደ ሁልጊዜው ጠዋት ከአዲስ ጆንያ ቆንጥሬ ቀመስኩ። ግራ ምላሴ ተቃጠለ። ቀኙ ዝም። «የሞተ በርበሬ!» ብዬ ያመጣውን ሰውዬ ሰደብኩት። በርበሬው ደህና ነበር።

ቀጥሎ ቀኝ ዓይኔ አነባ። ከንፈሬ ተንጋደደ። ለሃጬ ወረደ። እኛ ዘንድ ሰው ሲያነባ ማን ይደነግጣል? ስናነጥስና ስናነባ ነው የምንውለው። «በርበሬ ገብቶበት ነው፣ ወተት ስጡት!» አሉ ጎረቤቶቼ። ወተቱ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ፊቴን አጠቡኝ። ደግመው አጠቡኝ። ጆንያ ላይ አጋደሙኝ። ሆስፒታል የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው።

«ስትሮክ ነው» አለች ዶክተሯ፣ ሲቲ ስካኑን አይታ። «ምነው ጠዋት ብታመጡት?»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ባዶ።

የንግግሩ ቦታ ተጎድቷል፣ አፌዚያ ይባላል አሉ። የሚሉኝ ሁሉ ይገባኛል። መናገር አልችልም። አርባ ዓመት አልፎኝ በማታ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደልም አብሮ ጠፋ። የገዛ ለሃጬ ሽታ አስጠላኝ። ዳይፐሩ አስጠላኝ። ጠያቂዎቹ ባሱ፤ ያመጡትን ብርቱካን እራሳቸው ልጠው እየበሉ፣ እንደሌለሁ አድርገው ስለ እኔ ያወራሉ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ባለቤቴን ዘይነባን «የፎዚያን ኒካህ እኔ አስራለሁ፣ እሱ እንደሆነ አለቀለት» አላት። አጠገቤ ቆሞ!

ፎዚያ አንድ ልጄ ናት፤ ሠርጓ ደርሷል። ኒካህ፣ የጋብቻው ውል ሲታሰር፣ «ድሬልሃለሁ» የሚለው አባት ነው። ካልቻለ ወኪል ያደርጋል። ወንድሜን ግን ፍየል እንዲገዛልኝም አልወክለው። ልሰድበው ፈለግሁ። ስድብ እንኳ አልወጣም።

ንግግር የሚያለማምደኝ የስፒች ቴራፒ ባለሙያ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ የሚወዱት ዘፈን አለ?» አለኝ። የዘፈን ሰዓት ነው ይሄ? ብችል አባርረው ነበር።

«አንድ አለ» አለች ዘይነባ። «ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠነ የጨረሰው።»

በወጣትነቴ ተሸካሚ ሆኜ፣ የዕለቱን ሰባተኛ ጆንያ ስሸከም፣ ከካሴት ቤት ደጃፍ የሰማሁት ዘፈን ነው። ዘፋኙ አይጮህም። ሳክስፎኑ ዘግይቶ ይገባል። ከሁለተኛው ስንኝ በፊት ሰውየው ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል፤ ሸክም ያለበት ሰው ትንፋሽ ነው፣ አውቀዋለሁ። የዛሬዎቹ ያንን ትንፋሽ በኮምፒውተር አጥፍተው፣ ዱም ዱም ጭነውበት ዳግም አወጡት። በየታክሲው ስሰማው ያቅለሸልሸኛል።

ባለሙያው ልጅ ዋናውን ከስልኩ ከፈተ። ትንፋሹ ጋ ሲደርስ አብሬ ሳብኩ። ስንኙ ወጣ። ሙሉውን።

«ውሃ ማለት አቅቶህ ትዘፍናለህ?» አለች ዘይነባ፣ እየሳቀች እያለቀሰች።

«ዜማ በሌላው የአንጎል ክፍልም ይሄዳል» አለ ልጁ። «አሁን ቃሉን እንለውጣለን። በግራ እጅዎ ጭንዎን መታ፣ መታ ያድርጉ።»

ከዚያ በኋላ ውሃም፣ ዳቦም፣ የዘይነባ ስምም በዚያው ዜማ ተራ በተራ ተመለሱልኝ፤ ሱቅ ስመለስ ዋጋ ሳንጎራጉር ጎረቤቶቼ «ለዘፈኑ ስንት እንጨምር?» እያሉ ቀለዱብኝ፣ እነዚያው ወተት ያጠጡኝ፣ አንዱማ ቪዲዮ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀብኝ፣ ሲያስጠላ! እኔ ግን መለማመዴን አልተውኩም፣ ፊደሉንም ከ«ሀ» ጀምሬ እንደገና ለቀምኩት።

የኒካሁ ቀን ሙሽራው ቀኝ እጄን ያዘ። ሼሁ ጠበቁኝ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። ግራ እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ። መታሁ። ያንን ትንፋሽ ሳብኩ፣ ቤቱ ሁሉ ሰማው።

«ልጄን፣ ፎዚያን፣ ድሬልሃለሁ።»

«ያንጎራጉራል እንዴ?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ተሰምቷል» አሉ ሼሁ።

ይህን ለምታነቡ፦ ፊት ከተንጋደደ፣ እጅ ከዛለ፣ አፍ ከተሳሰረ፣ ወተት አትስጡ፣ ሊያንቀው ይችላል። አጋድማችሁ አትጠብቁ፣ አትመካከሩ። መኪና ጥሩና ሩጡ። የታመመውም ሰው ይሰማል፤ አጠገቡ ቆማችሁ አትቅበሩት። የሚወደውን ዘፈን ጠይቁ።

ዶክተሯን፣ ልጁንና ዘይነባን አመሰግናለሁ። ዘፈኑን የቀዳውንም ሰው፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም። ያንን ትንፋሽ ሳይቆርጥ ተወልኝ።