ባንኮክ ላይ አምስት፣ ኩዋላ ላምፑር ላይ ስድስት

ከባንኮክ ኩዋላ ላምፑር ደርሶ መልሱ፣ ከነዕቃው፣ ሠላሳ ስምንት ሺህ ራንድና አንድ ሰዓት ፈጀ። ራንዱን የት እንዳደረስኩት አውቃለሁ።

ጆሀንስበርግ መሀል ከተማ ያለው ሱቄ ከአንድ የስልጤ ሰው ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። እኔ ጂንስ፣ እሱ ሂጃብ። ለጂንስ ባንኮክ ልሄድ ስነሳ፣ እግረ መንገዴን ለዒድ የሚሆን ነጭና ጥቁር ሻሽ ከኩዋላ ላምፑር እንዳመጣ ለመነኝ፤ እኩል አዋጣን። ደንበኞቹ አዝዘውት ነበር። ባዶ እጄን ከመጣሁ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ገበያ አመለጠው ማለት ነው።

«ሩቅ ነው?»

«ከዚህ ኬፕታውን በለው። ሁለት ሰዓት ከምናምን በረራ። ካርታው ላይ እኮ አንዱ ካንዱ ሥር ነው።»

ዕቃ ልናመጣ የምንወጣ ነጋዴዎች የስልካችንን ሰዓት አንነካም። የጆሀንስበርግን እንደያዘ ይቆያል፤ ሱቃችን መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ለማወቅ። ባንኮክ አምስት ሰዓት እየደመርኩበት ሳምንት ኖርኩ። ኬፕታውን ሲኬድ ሰዓት አይቀየርም፤ ኩዋላ ላምፑርም ያው አምስት ነው አልኩ።

ኩዋላ ላምፑር ያለችው ሻሽ አከፋፋይ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ልትጠብቀኝ፣ ካለፈ ለሌላ ገዢ ልትሰጥ ተስማምተናል። በረራው ጎረቤቴ እንዳለው ሆነ። ጊዜ ተርፎኛል ብዬ ገበያው በር ላይ ሩዝ በዶሮ አዘዝኩ። ደገምኩም።

በኔ ስሌት አሥር ከሩብ ላይ ዘና ብዬ ገባሁ። ሴትየዋ ወደ ግድግዳው ሰዓት ጠቆመችኝ፤ አሥራ አንድ ከሩብ። እዚያ አገር የሚደመረው ስድስት ነው። ነጩና ጥቁሩ መኪና ላይ ሲጫን በዓይኔ አየሁ። የቀረው አረንጓዴ ብቻ ነው። ዋጋውን አስወርጄ ጠቅልዬ ወሰድኩና ደወልኩ።

«አረንጓዴ?» አለ ጎረቤቴ። «ደንበኞቼ ለዒድ ሰላጣ ይምሰሉ?»

«ኬፕታውን ነው ያልከው አንተ!»

«ዶሮ ድገም አልኩህ?»

ጆሀንስበርግ ከተመለስኩ በኋላ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው፣ ከሶዌቶ የመጡ አንዲት እናት ሱቄ በር ላይ የሰቀልኩትን ሻሽ አውርደው ከለበሱት የቤተ ክርስቲያን የደንብ ልብስ ጋር አስተያዩት። ቁርጥ ያው አረንጓዴ።

«ስንት አለህ፣ ቡቲ?»

ወንድም ማለታቸው ነው። ጎረቤቴ ኩርፊያውን ረስቶ ከግድግዳው ወዲያ «ሞልቷል፣ ማማ!» አለ።

በማግስቱ አንድ ሚኒባስ ሙሉ የማኅበር ሴቶችን ይዘው መጡ፤ አረንጓዴው አለቀ። በዚያው ገንዘብ እዚሁ ከተማ ካለ አስመጪ ነጭና ጥቁር ገዛን። የዚህኛው ትርፍ ስስ ነው፤ ግን ለዒድ ደረሰለት።

ሰዓቷ ወደ ባንኮክ ስመለስ ተመልሳለች። ጠቅላላ ትርፍ፣ ለእያንዳንዳችን ስድስት ሺህ አምስት መቶ ራንድ።