ስድስት ጠጠር በሁለት ስክሪን

መጋቢት አሥራ ዘጠኝ ቀን ይመስለኛል። ወይስ ሚያዝያ ገብቶ ነበር? ዝናብ እንደነበረ ግን አልረሳም። «ዶክተር ኬብል» የምንለው የኮሌጃችን ኮምፒውተር ጠጋኝ እርጥብ ጃኬቱን ወንበሬ ላይ ሰቅሎ፣ የታላቅ እህቱ ዓይን እየደከመ መሆኑን የነገረኝ ያን ቀን ነው። ሐኪሙ «ቢበዛ አንድ ዓመት» ብሏታል።

የምትኖረው ሩቅ ከተማ ነው። ልጆች ሳሉ ሲሚንቶው ላይ በከሰል አስምረው፣ ሦስት ሦስት ጠጠር ይዘው ይጫወቱ ነበር፤ ቀድሞ ያሰለፈ ያሸንፋል። ይህንኑ በኮምፒውተር ሊሠራው ተነሣ፤ ዓይኗ ሳይጠፋ አንዴ እንኳ እንዲጫወቱ።

ጨዋታውን በሁለት ሳምንት ጨረሰው። የቀረው ሁለቱን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘውን የኔትወርክ ማዕቀፍ መምረጥ ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ተቸነከረ። አንዱ ፈጣን ነው፤ መስመር ሲቆራረጥ ግን ተጫዋቹን ያባርራል። ሌላው ይታገሣል፤ ግን ይንቀረፈፋል። ሦስተኛው ሁሉንም ያሟላል፤ ሠሪዎቹ ግን ከተዉት ቆይተዋል። ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን አቁሞ፣ በቀኝ እጁ የራሱን፣ በግራው የእሷን ጠጠር እያንቀሳቀሰ ይሞክራል። ቅንጣት ዘገየ ብሎ ያፈርሰዋል። ወራቱ እንዲህ አለቁ።

አንድ ቀን ስትደውል አጠገቡ ነበርኩ፤ ስልኩን ላውድ ላይ አደረገው።

«አንተ ቀርፋፋ፣ አላለቀም?»

«ማዕቀፍ እየመረጥኩ ነው፣ እትዬ።»

«ሚስትም እንዲሁ ስትመርጥ ነው ቆመህ የቀረኸው!» ሳቀች። «ለምን በስልክ አንጫወትም? እኔ ጠጠሩን ደርድሬ እቀመጣለሁ፤ አንተ የት እንደምታስቀምጥ ትነግረኛለህ።»

«አይሆንም። አብረን እያየን ነው የምንጫወተው።»

«እሺ፣ ወንድም ዓለም። ፍጠን እንጂ።»

በመጨረሻ ታጋሹን መረጠ። ግን ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ ጨዋታው አላነሣም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም።

ሥራውን ሊለቅ ቁልፍ ያስረከበ ዕለት ግን ራሱ ጀመረው።

«ተገናኘን እኮ። አንዴም አልተቆራረጠም። ጠጠሬን አስቀመጥኩና ጠበቅኩ። የእሷ ጠጠር አልተንቀሳቀሰም። ስደውልላት ‹ስክሪኑ በርቷል ይሉኛል፤ ተራው የማን ነው?› አለችኝ።»

አንዱን ኬብል ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ሲጨርስ ጃኬቱን አነሣ። ጠጠር በጣት ይዳሰሳል፤ ስልኩም አለ። ከዚያ በኋላ እሷ እንዳለችው በስልክ ተጫውተው ይሆን? አፌን ስከፍት ኮሪደሩን ጨርሶ ደረጃው ጋ ደርሶ ነበር።