ኮምፒውተሩ የመሰከረልኝ እረፍት

ኬንያ፣ ጊጊሪ በሚባል ሰፈር ያለው መሥሪያ ቤታችን ለእጄ አስቦ ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ፕሮግራም አስጫነልኝ። አስቦ እንበል እንግዲህ! ሥራዬ የስደተኞችን ቃል በአማርኛ መተየብ ነበር። በዚያ ዘመን ኪቦርድ አንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለት ሦስቴ መምታት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስቀጠቅጥ እውላለሁ።

የጫነልኝ ኬንያዊ ባለሙያ አሠራሯን አስረዳኝ። ጥቂት ከተየብሽ በኋላ መስኮት ብቅ ትልና "አረፍ በይ" ትላለች፤ እምቢ ካልሽ ስክሪኑን ታጠቁርብሻለች። ኪቦርዱንና ማውሱን ሳትነኪ አምስት ደቂቃ ከቆየሽ እረፍትሽን ትመዘግብና ሰዓቷን እንደገና ትጀምራለች።

"ማረፌን በምን ታውቃለች?" አልኩት።

"ካልነካሽ አርፈሻላ!" አለኝ።

አለቃዬ የአገሬ ሰው ነው። አባቴ የሚሆን፣ ሩንዳ፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ የሚኖር፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከፊት የሚቆም። ያስቀጠረኝም እሱ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ጋሼ የሠርግ ጥሪው፣ የማጽናኛ ደብዳቤው፣ ለአገራችን ሰዎች ማኅበር ሽማግሌዎች የሚልከው ሁሉ በእጅ ካልተጻፈ ክብር የለውም ባይ ነው። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ፣ ምን ያደርጋል፣ ያምራል።

ስክሪኑ ጥቁር ሲል ጋሼ ከች ይላል። "አረፍ አልሽ የኔ ልጅ? እስቲ እቺን በዚያ በሚያምረው እጅሽ ገልብጪልኝ።"

አባት የሚያህል ሰው፣ ያውም እንጀራ ያበላሽ ሰው፣ ፊትሽ ቆሞ "እረፍት ላይ ነኝ" ይባላል? እኔ ባደግኩበት ቤት አይባልም። ብዕሬን አንስቼ እጽፋለሁ። ጽፌ ስጨርስ ስክሪኑ በርቶ ይጠብቀኛል፤ ወደ ኪቦርዴ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ወደምኖርበት ካሳራኒ ስመለስ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ ብረቱን መጨበጥ አቃተኝ። ረዳቱ "ሺካ፣ ማዳም!" እያለ ይጮህብኛል፤ ያዢ ማለቱ ነው። በምን ልያዝ? ጣቶቼ አልታዘዝ ብለዋል። ሐኪሙ የእጅ አንጓሽ ነርቭ ተጎድቷል፣ ካላሳረፍሽውና ካልታከምሽ ይህ እጅ እጅ አይሆንሽም አለኝ።

ፈቃድና ሕክምና ጠየቅኩ። እጄ ካልዳነ ሥራው የለም፤ ሥራው ከሌለ የኬንያ የሥራ ፈቃዴም የለም። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ፣ ፈረንጅ ናት፣ ጠራችኝ። ጋሼም አጠገቧ ተቀምጧል። ኮምፒውተሯን ከፍታ ፕሮግራሟ የመዘገበችውን አየችና ፈገግ አለች። አንድም እረፍት አልዘለልሽም፣ ከሁሉም ሠራተኛ በደንብ ያረፍሽው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ሕመሙ ከእኛ ሥራ የመጣ አይደለም አለች።

ጋሼን አየሁት። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅበት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና በእንግሊዝኛ "እውነቷን ነው፣ እረፍት ነስተናት አናውቅም" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" አለኝ።

እሱማ ያውቃል! ያላወቀችው ሴትዮዋ ናት። እኔስ ለምን አልተናገርኩም? ሽማግሌን በፈረንጅ ፊት ማዋረድ ነውር ነው ተብዬ አድጌ ነዋ! ነውር የሚባለው ነገር ለእሱ አልተነገረውም መሰለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ውሌ አልታደሰም። በመጨረሻው ቀን የቀረኝን ተይቤ እቃዬን ስሰበስብ ስክሪኔ እንደልማዱ ጠቆረ፤ ጋሼም ወፍራም ነጭ ወረቀት ይዞ መጣ። የምስጋና ወረቀት ነው።

"ለአንቺው ነው የኔ ልጅ። ግን እንዳንቺ የሚጽፍ ከየት ላምጣ?"

ጻፍኩታ! ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ፣ ስሜን ራሴ ጽፌ፣ "ላበረከተችው አገልግሎት ከልብ እናመሰግናለን" ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። እሱ ከሥሩ ፈረመ። ቀና ስል ስክሪኑ በርቷል፤ ፕሮግራሟ ያችንም እረፍት ብላ መዝግባልኛለች።