ኮፈኗ የታሰረባት ማርቸዲስ

ነቀምቴ አስተማሪ ነኝ። አሮጌ ማርቸዲስ ሳይ አያስችለኝም፤ ኡኬ ከተማ ላይ አንዷ ለሽያጭ መቅረቧን እንደሰማሁ ሚኒባስ ተሳፍሬ ከች አልኩ። ባለቤቷ ኦቦ ገመቹ የጠሩት ዋጋ ግን ከባጃጅ ዋጋ በታች ነው። ያኔ ጥርጣሬ ገባኝ። ለመካኒክ ጓደኛዬ ደወልኩለት።

«ቦዲና ቀለሟን ማሳደሱ ብቻ የመግዣዋን ሦስት እጥፍ ይበላሃል» አለኝ። «ሞተሯ ደህና ካልሆነ እንዳትነካት!»

ኮፈኗን አየሁት። በገመድ ተጠፍሮ ታስሯል፤ ላዩ ላይ ዶሮ ተኝታለች።

«ኦቦ ገመቹ፣ ሞተሯ ይሠራል?»

«ባርሲሳ» አሉኝ፣ አስተማሪ ማለታቸው ነው፤ «ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም እኮ!»

ጆሮዬን ኮፈኑ ላይ ለጠፍኩ። ከጓሮ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል፤ ኮፈኑ ውስጥ ግን ጭጭ ነው። ሰውዬው ዓይኔ እያየ ይዋሻሉ እንዴ?

«እስቲ ይክፈቱልኝ» አልኩ ኮስተር ብዬ።

«እዚያ ውስጥ ምን አለና?» ብለው እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

ጓሮው ውስጥ ሴቶች በቆሏቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ከፊታቸው የማርቸዲሷ ሞተር ግንድ ላይ ታስሮ፣ በቺንጋ የእህል ወፍጮ ያዞራል።

ኦቦ ገመቹ በኩራት መታ መታ አደረጉት።

«ከገዛሃት ፈትተህ ውሰደው። ብቻ እነዚህ ወረፋ የያዙት አስፈጭተው ይጨርሱ።»